የሰኞው ኮት

ሰፍያ ሸምሶ ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የቢሮ ቁጥር አሥራ አራትን በር ትከፍትና ከቁም ሣጥኑ ቡናማ ኮት አውጥታ ወንበሩ ላይ ታንጠለጥላለች። ቀጥላ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ መሐሉን ገልጣ ታስቀምጣለች፤ እስክሪብቶ ክዳኑን ነቅላ መጽሐፉ ላይ ታጋድማለች። በሩን ገርበብ ታደርገዋለች እንጂ አትዘጋውም። የተዘጋ በር ጥያቄ ያመጣል። ገርበብ ያለ በርና ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ኮት ያየ ሰው ግን ባለቤቱ እዚሁ አካባቢ ነው ብሎ ያልፋል። «ዶክተር አሉ?» የሚል ሲመጣም ቀና ሳትል «አሁን ወጡ» ትላለች።

ዶክተር ይትባረክ ግን አልወጣም፤ ከነጭራሹ አልገባም። በዚያ ሰዓት እሱ ከተራራው ማዶ፣ ወልቂጤ፣ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ እየከፈተ ነው። እዚያ የሙሉ ጊዜ መምህር ነው፤ እዚህ ቡታጅራም የሙሉ ጊዜ መምህር ነው። አንድ ሰው እንዴት ሁለት ሙሉ ይሆናል ብላችሁ እኔን እንዳትጠይቁኝ። በየከተማው ዩኒቨርሲቲ የሚከፈትበት፣ ሦስተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ግን በመብራት ተፈልጎ የማይገኝበት ዘመን ነበር። የሁለቱንም ግቢ ስም አልጠራም፤ ግቢዎቹ ምን አጠፉ።

ነገሩ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው። ይትባረክ ከጎጃም የመጣ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥ የአፈር ሳይንስ መምህር ነው። እናቱ እዚያው ጎጃም ብቻቸውን ናቸው። ቤታቸው ሊወድቅ ደርሷል፣ እሱን ላሠራላቸው ብዬ ነው ሁለተኛ ሥራ የያዝኩት ይላል። አንድ ሐሙስ ሰፍያ ጠረጴዛ ድረስ መጥቶ «ሰፍያ፣ ሰኞና ማክሰኞ ትንሽ ጉዳይ ነበረብኝ፤ ምናልባት ሰው ከጠየቀ…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። እሷም «ችግር የለም ዶክተር» አለችው። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት፤ ችግር የለም ማለት ሥራዋ ነው። ችግሩ የመጣው እየዋለ እያደረ፣ ቀስ ብሎ ነው።

መቼም ሐቁ ይነገርለት፤ ተማሪ አልበደለም። የሳምንቱን ትምህርት ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ላይ አጭቆ ያስተምራል። ረቡዕ ከሰዓት በአገና በኩል ተራራውን ተሻግሮ ይመጣል፣ እሑድ በመጣበት ይመለሳል። የሚሰርቀው ቀኑን እንጂ ትምህርቱን አልነበረም። ግን ሰኞ ስብሰባ አለ፣ ማክሰኞ ኮሚቴ አለ፣ የሚጠራ ስም አለ። ያንን ሁሉ የምትሸፍነው ሰፍያ ናት።

እሑድ አመሻሽ ላይ ይደውልላታል።

«ሰኞ የት ነኝ?» ይላል።

«ሰኞ ላይብረሪ ነዎት። ማክሰኞ ጥርስዎን ታመዋል።»

«ጥርስ ባለፈው ወር ብለን አልነበር?»

«ያኔ የላይኛው ነው። አሁን የታችኛው።»

ይስቃል። ሰፍያ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ያንን ሳቅ ይዛ ትቀመጣለች። ምክንያቶቹ እንዳይደገሙ ቀን እየጻፈች የምትመዘግብበት ሰማያዊ ደብተር አላት። በደብተሩ ውስጥ ይትባረክ አራት ጥርስ ታሟል፣ ሁለቴ ፍርድ ቤት ተጠርቷል፣ አንዴ ደግሞ ቤቱ ጎርፍ ገብቶበታል። ለቅሶ የሚባል ግን የለም። ገና ሲጀምሩ «ለቅሶ ብቻ አትበይ፤ በእሱ አይቀለድም» ብሏታል።

ሰፍያ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ቡታጅራ ገበያ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። የላኩላትን ሦስት ባል በመመለሷ አሁን ሌላ መላክ ትተዋል። ምን እንደምትጠብቅ ቢጠይቋት ለአባቷ የምትነግረው ነገር አልነበራትም። ሐሙስን እየጠበቅሁ ነው ተብሎ ለአባት አይነገርም።

ሐሙስ ሲመጣ ብርቱካን ይዞ ይገባል። ልጦ ግማሹን ወረቀት ላይ አድርጎ ኮምፒውተሯ አጠገብ ያስቀምጥላታል። በረመዳን ግን ብርቱካኑም ይቀራል፣ እሱም በእሷ ፊት ውሃ አይጠጣም። ጉሮሮው እስኪደርቅ አስተምሮ ይወጣና ከሕንጻው ጀርባ ዞሮ ሲጠጣ በመስኮት አይታዋለች። እሷም ዓርብ ዓርብ ካፍቴሪያው የጾም ምግብ እንዳይጨርስ ከጠዋቱ ታስይዝለታለች። እሱ ክርስቲያን ነው፣ እሷ ሙስሊም ናት። ይህንን ማንሳት ከሱ በፊት ሌላ ነገር ማንሳትን ይጠይቃል፤ ያንን ደግሞ ሁለቱም አላነሱትም።

ስለዚህ የነበራት ኮቱ ብቻ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ቢሮ አሥራ አራት ስትገባ በእጇ አቧራውን ታራግፍለታለች። መስኮቱ በግራ በኩል ስለሆነ የግራ ትከሻው በፀሐይ ነጥቷል። አንድ ቀን የውስጥ ኪሱ ተተርትሮ አግኝታ በምሳ ሰዓት ሰፋችው፤ ለባለቤቱም አልነገረችውም። ናፈቃት። ኮቱ አጠገቧ ወንበሩ ላይ እየዋለ ባለቤቱ ናፈቃት። እውነቱ አንድ ማክሰኞ ኮቱን እየሰቀለች ድንገት ታያት፤ ሰኞ የማይመጣው እሷ ስላለች ነው። እሷ ባትሸፍነው ኖሮ ወይ ይመጣል ወይ ከናካቴው ይቀራል። አሳምራ በዋሸች ቁጥር በገዛ እጇ ወልቂጤ ላይ ታስቀረዋለች። ይህንን ካወቀች በኋላም አንድ ዓመት ሙሉ ዋሸች።

በ2008 ኅዳር፣ በየግቢው በርበሬ የተሰጣበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ዲኑ አቶ ዱባለ ሳይታሰብ ስብሰባ ጠራ። ከአዲስ አበባ ሰዎች መጥተዋል፣ እያንዳንዱ መምህር በአካል ቀርቦ ዋናውን ዲግሪውን ያሳይ ተባለ። ዱባለ ራሱ ቢሮ አሥራ አራት ድረስ መጣ። ኮቱን አየ፣ መጽሐፉን አየ።

«ዶክተርስ?» አለ።

«ላይብረሪ…»

«ከላይብረሪ ነው የመጣሁት።»

ሰፍያ ክው አለች። ጥርስ አልቋል፣ ፍርድ ቤት አልቋል።

«ለቅሶ ደርሶባቸው ነው» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ደነገጠች። «ገና አሁን ነው የደወሉት። ኮታቸውን እንኳን ሳይዙ ነው የሄዱት።»

«እኔን! ማን ሞተበት?»

«አክስታቸው።»

«የት?»

እዚህ ላይ ጎጃም ብትል ነገሩ ሁሉ ባለቀ። ጎጃም ሩቅ ነው። ለሩቅ ለቅሶ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሰውየው ሲመለስ ይደረሳል። ሰፍያ ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ሐሳቧ የሚውልበት ከተማ ስም ምላሷ ላይ ነበርና «ወልቂጤ» አለች።

የግቢው የማኅበራዊ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሀቢቡ ይባላል። ሥራው ንብረት ክፍል ነው፤ ነፍሱ ግን ለቅሶ ላይ ናት። ሰው ሲሞት ሀቢቡ ይነቃል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚጫን በቃሉ ያውቃል። ዱባለ ገና ነግሮት ሳይጨርስ ሚኒባስ ተከራይቷል። «ባይተዋር ልጅ ነው፤ ከጎጃም መጥቶ ማን አለው? እኛ ካልደረስንለት ማን ይደርስለታል?» አለ። በዚያው ዕለት ቢደርሱ ደስ ባለው፤ እንግዶቹ ስላልሄዱ ግን ለማክሰኞ ጠዋት ተቀጠረ። «ሰፍያም ትመጣለች፤ ጸሐፊው ናት» ተባለ።

ሰፍያ ሰኞን ሙሉ ደወለች። ወልቂጤ ኔትወርክ ጠፍቶ ዋለ። ማክሰኞ ገና ሳይነጋጋ ደወለች፤ አሁንም የለም። አሥራ አንድ ሰው፣ ክርስቲያኖቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሙስሊሞቹ ጥቁር ሻሽና ጋቢ ለብሰው፣ ሦስት እሽግ ውሃና ሁለት ሣጥን ለስላሳ ኋላ ላይ ጭነው ተራራውን መውጣት ጀመሩ። ሰፍያ መስኮት ዳር ተቀምጣለች። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እሱ የሚመላለስበትን መንገድ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ያችን ኩርባ እሱም ያያታል፣ የእነዚያን ቤቶች እንሰት እሱም ያየዋል እያለች፣ ልትታረድ የምትሄድ መሆኗን ረስታ አየች። እንዲህ ያለች ናት፤ ምን ታደርጓታላችሁ።

አገና ሲደርሱ ሀቢቡ ዳቦ ልግዛ ብሎ አስቆመ። ሰፍያ ወርዳ ከሚኒባሱ ኋላ ዞረችና ስልኳን ስታይ ኔትወርክ መጥቷል። ደወለች። ጠራ።

አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። የምትለውን አዘጋጅታለች፤ «ዶክተር፣ ከግቢ ውጡ፣ ቤት ገብተው ይቀመጡ፣ አክስትዎ ሞተዋል።» እሱም ፈጣን ነው፣ ይገባዋል። ሰዎቹ አጽናንተውት ይመለሳሉ፣ ሐሙስ ይመጣል፣ ሰኞ ደግሞ ኮቱን ትሰቅላለች። በሚቀጥለውም ሰኞ፣ በዚያ በሚቀጥለውም። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ሰፍያ ስልኩን ዘጋችው።

ወዲያው እሱ መልሶ ደወለ። ስሙ ስልኳ ላይ ሲበራ እያየች ቆመችና አጠፋችው። ከዚያ ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ሀቢቡ አዝና ነው ብሎ ዳቦ ቆርሶ ሰጣት።

ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ ሲጠይቁ ዶክተር ይትባረክን የማያውቅ የለም። አንዲት የሙዝ ነጋዴ «ለቅሶ? ኧረ አሁን በዚህ አለፈ፤ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው» አለች። ዱባለ ግንባሩን ቋጠረ። ሀቢቡ ግን «ሐዘን ሲጸና እንዲህ ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ይደበቃል» ብሎ መንገዱን አስያዘ።

በተመሩበት ግቢ፣ በተመሩበት ኮሪደር መጨረሻ ላይ አንዲት ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ጸሐፊ ተቀምጠዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ወርቅውሃ የሚል ስም ተጽፏል።

«ዶክተር ይትባረክ አሉ?» አለ ሀቢቡ።

«አሁን ወጡ» አሉ ወይዘሮ ወርቅውሃ ቀና ሳይሉ። ወዲያው ቀኑ ማክሰኞ መሆኑ ትዝ አላቸው መሰለኝ ቀና አሉ። «ኧረ ዛሬስ አሉ። ክፍል እያስተማሩ ነው።» ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሰዎች አይተው ተነሡ። «ምነው? ምን መጣ?»

ሰፍያ አልሰማቻቸውም። ከወርቅውሃ ጀርባ ገርበብ ያለ በር አለ። በበሩ ክፍተት ወንበር ይታያል። ወንበሩ ላይ ግራጫ ኮት ተንጠልጥሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የተገለጠ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ላይ ክዳኑ የተነቀለ እስክሪብቶ። የራሷን እጅ ሥራ በሰው ቤት ያየች ያህል ዓይኗን መንቀል አቃታት። ወርቅውሃ ዓይኗን ተከትለው ኮቱን አዩ፣ መልሰው እሷን አዩ። ሁለቱም ገባቸው። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ እዚህ የሚዋሽለት ሌላ ሰው መኖር እንዳለበት እንዴት ሦስት ዓመት ሙሉ ሳታስበው ቀረች? ሴትዮዋ በዕድሜ እናቱ ይሆናሉ፤ ቅናት የሚያስነሳ ነገር የለም። ቀናች ግን።

በዚህ መሐል የክፍሉ በር ተከፍቶ ተማሪዎች ወጡ፤ ከኋላቸው ይትባረክ እጁ በጠመኔ እንደነጣ ወጣ።

ከቡታጅራ የመጡ አሥራ አንድ ሰዎች፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ጥቁር ሻሽ፣ አለቃው ዱባለ፣ ለቅሶ እንጂ ሌላ ነገር ላይ ታይቶ የማያውቀው ሀቢቡ። ቆመ። ሰፍያ አውቆ ይደነግጣል፣ ተያዝኩ ይላል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን መያዙን አላሰበም። ፊቱ ላይ ያየችው ሌላ ነገር ነው።

«ማን ናት?» አለ በቀስታ። «እማ ናት?»

ምን ብለው ይመልሱለት? እነሱ የሚያውቁት አክስት ነው። ይትባረክ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ፤ በነጣው እጁ ራሱን ያዘ። «ቤቱ ሳያልቅ» አለ። «ትንሽ ነው እኮ የቀረው። ቤቱ ሳያልቅ።» ሀቢቡ ሮጦ አጠገቡ ተንበረከከና ትከሻውን ይዞ «አይዞህ ወንድሜ፣ ፈጣሪ ያጽናህ» ይለው ጀመር። የእሱን ሲያዩ ሴቶቹም አለቀሱ። ተማሪዎቹ ከበቡ። ወርቅውሃ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው አዘቀዘቁ።

ሰፍያ ሰዎቹን ገፍታ መሐል ገባች።

«እናትዎ ደኅና ናቸው» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «ዶክተር፣ ይስሙኝ። ማንም አልሞተም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ይትባረክ ቀና ብሎ አያት፤ የሰማውን ለማመን አንገቱን እንደ ልማዱ ዘንበል አደረገ። ሀቢቡ እጁን ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ዱባለ በሩ ላይ የተለጠፈውን የይትባረክን ስም፣ ከስሙ ሥር የተጻፈውን «የሙሉ ጊዜ መምህር» አነበበ፤ ግራጫውን ኮት አየ። ቡናማው ትዝ አለው መሰለኝ ረጅም ጊዜ አየው።

«እና ያንን ሁሉ ውሃ ለማን ነው ያመጣነው?» አለ በመጨረሻ።



ከዚያ ያለው አጭር ነው። ሁለቱ ግቢዎች ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ ሁለቱም ይትባረክን አሰናበቱት። ለሰፍያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። እሷ ያሰበችው ሌላ ነበር፤ ከሁለት አንዱን ምረጥ ይሉታል፣ እሱም ቡታጅራን ይመርጣል ብላ ነበር። አገና ላይ ስልኩን ስትዘጋ የዘጋችው በዚያ ተስፋ ነው። እሱ እንደሆነ ከዚያ ኮሪደር ተነስቶ በቀጥታ ጎጃም ወርዷል አሉ። እናቱን በዓይኑ ሳያይ በሕይወት መኖራቸውን ማመን አቃተው።

በሦስተኛው ሳምንት መልቀቂያ ሊያስፈርም መጣ። ሰኞ ነበር።

ከላይብረሪ፣ ከንብረት ክፍል፣ ከፋይናንስ አስፈርሞ፣ የመጨረሻዋን ፊርማ ፍለጋ እሷ ጋ ሲደርስ አራት ሰዓት አልሞላም። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ሰፍያ ቅጹን ተቀብላ «ከእጁ የሚፈለግ ንብረት የለም» ከሚለው ጎን ፈረመች።

«እናትዎ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናት። ዕድሜ ላንቺ፣ አብሬያት ልኖር ነው። እዚያው አንድ ትምህርት ቤት አገኘሁ።» ቁልፉን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ለምን ወልቂጤ አልሽ፣ ሰፍያ? ጎጃም ብትዪ ማንም አይነሣም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አገና ላይም ደውለሽ ዘጋሽው።»

«ዘጋሁት።»

ሰፍያ ቅጹን አጥፋ ሰጠችው፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ አፏ ላይ የነበረውን ተናገረች።

«ሰኞ እንዲመጡ ፈልጌ ነው» አለች። «አንድ ሰኞ እንኳን እዚህ እንዲውሉ። ኮትዎን ስሰቅል መዋል ሰለቸኝ። ናፈቁኝ።»

ይትባረክ አልተቆጣም፣ ይቅርታም አላለም። ቅጹን ኪሱ ከተተና፣ በዚያም ጠዋት እንደ ልማዷ ከፍታ ኮቱን ወደ ሰቀለችበት ቢሮ አሥራ አራት ገባ። በሩን ገርበብ አድርጎ ከኮቱ ጋር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሚኒባስ በአምስት ሰዓት ነበረው፤ አምስት ሰዓት አለፈ፣ አልተነሣም። ሰፍያ ከጠረጴዛዋ ሆና ክርኑንና የተከፈተውን መስኮት ታያለች። ተማሪ ገብቶ ጠየቀው፣ መለሰለት። ከምሳ በኋላ ብርቱካን ልጦ ግማሹን አመጣላት።

«ያ መጽሐፍ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ ላይ ነው የተከፈተው?» አላት።

«አዎ።»

«ምን እንደሚል አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩትም። እርስዎ ሲመጡ ያነቡታል ብዬ።»

ተመልሶ ገብቶ አነበበው። ሰፍያ ደብዳቤ ጻፈች፣ ስልክ አነሳች፣ ወረቀት አባዛች፤ የዕለቱን ሥራ በሙሉ ሠራች። ከዚያ ቀን በፊት ሰኞ እንደዚያ ፈጥኖባት አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮቱን ለብሶ ወጣ። አንዱ ትከሻው የነጣ ኮት ነው። እጁን ወደ ውስጥ ኪሱ ሰደደና ስፌቱን ዳሰሰ፤ አያት፣ አልጠየቃትም። «ሐሙስን እኔም እጠብቀው ነበር፣ ሰፍያ» አለ። ከዚያ በኮሪደሩ ሄደ፤ ደረጃውን ሲወርድ የእግሩ ድምፅ እስኪጠፋ ሰማችው።

ሀቢቡ ከንብረት ክፍል እያለከለከ መጣ። የታሸገ ውሃ ይዟል፣ ከወልቂጤው ጉዞ የተረፈ።

«ዶክተር አለ? ለመንገድ ልሰጠው ብዬ ነበር።»

ሰፍያ ባዶውን ወንበር አየች።

«አሁን ወጡ» አለች። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህንን ቃል እውነቷን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።